በቀጥታ የማይተላለፈው ኦስካር፦ ስለ ሲኒማ ሳይንስና ቴክኒክ ሽልማቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኦስካር ሲነሳ ወሬው ማን አሸነፈ፣ ማን ተነፈገ፣ ማን ምን ለብሳ መጣች ነው። ከዚያ ምሽት ተነጥሎ ግን፣ ካሜራውን፣ ሌንሱን፣ ማይኩን፣ ሶፍትዌሩን የፈጠሩ ሰዎች የሚሸለሙበት ሌላ የኦስካር ግብዣ አለ። ከታች ያሉት ፊልም የሚማሩ፣ ኤዲት የሚሠሩና እንዲሁ ነገሩ የገረማቸው ሰዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሽልማቱ በትክክል ምንድን ነው? ከ«ምርጥ ቪዡዋል ኢፌክት» በምን ይለያል?

ሰጪው ያው ዋናውን ኦስካር የሚሰጠው የአሜሪካ የሲኒማ ጥበባትና ሳይንስ አካዳሚ ነው። የሚለየው ተሸላሚው ነገር ነው። በዋናው ምሽት ለድምፅ፣ ለሲኒማቶግራፊ ወይም ለቪዡዋል ኢፌክት የሚሰጠው ሽልማት በዚያ ዓመት ከወጣ አንድ ፊልም ጋር የተያያዘ ነው። የሳይንስና ቴክኒክ ሽልማት ግን ለየትኛውም ፊልም አያዳላም፤ የሚመለከተው መሣሪያውን፣ ኬሚካሉን፣ ቀመሩን፣ የአሠራር ዘዴውን ነው። ዋናው ኦስካር ወጡን ይሸልማል፤ ይሄኛው ድስቱን የሠራችውን ሸክላ ሠሪ።

የእኛው የጉማ ሽልማትም ለሲኒማቶግራፊ ወይም ለኤዲቲንግ ሲሰጥ የሚመዝነው በአንድ ፊልም ላይ የታየውን ሥራ ስለሆነ፣ የሚቀርበው ለዋናው ኦስካር ነው።

መቼና ለምን ተጀመረ?

አካዳሚው በ1927 ተቋቋመ፤ የመጀመሪያውን ሽልማት በግንቦት 1929 በሆሊውድ ሩዝቬልት ሆቴል ሰጠ። በዚያ ምሽት «የምህንድስና ውጤት» የሚባል ዘርፍ ነበር፤ ሮይ ፖምሮይ «ዊንግስ» በተባለው ፊልም ላይ በሠራው ሥራ ወሰደው፤ ዘርፉም ዳግመኛ አልታየም። ራሱን የቻለው የሳይንስና ቴክኒክ ሽልማት የመጣው በኅዳር 1931 ነው።

ጊዜው የተመረጠ አይደለም፣ የግድ ነበር። ፊልም መናገር ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር፤ የመናገሩ ዕዳ ደግሞ ብዙ ነው። ካሜራው ይንኳኳል። በድምፅ አልባው ዘመን ስቱዲዮውን ያበሩት የነበሩት የካርቦን አርክ መብራቶች እየጮኹ ማይኩን አላስወራ አሉ። ስቱዲዮዎቹ ወደማይጮኸው የተንግስተን አምፖል ሲዞሩ ብርሃኑ ወደ ቀይ ያደላ ሆነ፤ ስለዚህ ቀይን በደንብ የሚያይና ለትንሽ ብርሃን የሚነቃ ፊልም አስፈለገ። ድምፁ ራሱ በፊልሙ ጠርዝ ላይ በብርሃን እየተጻፈ ስለነበር፣ ተዋናዩ ዝም ባለበት ቦታ ሽሽ የሚል ጫጫታ ይሰማል።

የ1931ን የተሸላሚዎች ዝርዝር ከዚህ ጋር አስተያዩት። አንደኛው ከፍተኛ ሽልማት ያንን ሽሽታ ለሚቀንሰው የቀረጻ መሣሪያ፣ ለኤሌክትሪካል ሪሰርች ፕሮዳክትስ፣ ለአርሲኤ ፎቶፎንና ለአርኬኦ ስቱዲዮ ተሰጠ። ሌላው ለብርሃን እጅግ ንቁ የሆነ ፓንክሮማቲክ (ሁሉንም ቀለም የሚያይ) ፊልም ላመረቱት ለኢስትማን ኮዳክና ለዱፖንት ሆነ። ዝቅተኛው ደረጃ ውስጥ ያሉት ሦስቱም ሽልማቶች ከማይክራፎን ጋር የተያያዙ ናቸው። የተሸላሚዎቹ ዝርዝር ራሱ ሆሊውድ ያኔ ምን እንደጨነቀው ይናገራል፤ ይህ ባሕርይ በኋላም አልለቀቀውም።

ሁሉም ተሸላሚ ወርቃማውን ሐውልት ይወስዳል?

አይወስድም። ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው።

ሽልማቱ ሲጀመር አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ይባል ነበር። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ስሞቹ ተቀየሩ። ዝቅተኛው «የቴክኒክ ስኬት ሽልማት» ነው፤ ተሸላሚው የምስክር ወረቀት ይቀበላል። መካከለኛው «የሳይንስና ምህንድስና ሽልማት» ሲሆን የሚሰጠው የኦስካር ምስል ያለበት ሰሌዳ ነው። ከፍተኛው ማለትም «የአካዳሚው የላቀ ሽልማት» ብቻ ነው ሐውልቱን የሚያስይዘው፤ ያንኑ 34 ሳንቲሜትር ገደማ ቁመት ያለውን፣ ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋውን። ይህ ከፍተኛ ደረጃ ማንም ሳይወስደው የሚያልፍበት ዓመትም አለ፤ ለምሳሌ በ2017 የዲጂታል ካሜራዎቹ ፈጣሪዎች በብዛት ሲሸለሙ፣ አሪ አሌክሳ፣ ሬድ ኤፒክ፣ ሶኒ ኤፍ 65 እና ፓናቪዥን ጀነሲስ ሁሉም የቆሙት በመካከለኛው ደረጃ ላይ ነው።

ከሦስቱ ውጭ ሁለት የዕድሜ ልክ ዓይነት ክብሮች አሉ። የጎርደን ሶየር ሽልማት በሳሙኤል ጎልድዊን ስቱዲዮ የድምፅ ክፍል ኃላፊ በነበረው ሰው ስም ከ1981 ጀምሮ የሚሰጥ ነው፤ እሱም ሐውልት አለው። አሻንጉሊት በአሻንጉሊት፣ ፍሬም በፍሬም እያንቀሳቀሰ ጭራቆችን ሕያው ያደረገው ሬይ ሃሪሃውሰን ኦስካሩን በእጁ የያዘው በዚህ በር ነው። ሌላው በጆን ቦነር ስም የሚሰጠው ሜዳልያ ሲሆን፣ ለሙያውና ለአካዳሚው ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ የሚመሰገኑበት ነው።

«ኦስካር ያሸነፈ ሶፍትዌር» የሚለው ማስታወቂያ እውነት ነው?

አንዳንዴ ሙሉ እውነት፣ አንዳንዴ ግማሽ። የሦስት አቅጣጫ ምስል መሥሪያዎቹ ማያ በ2003፣ ሁዲኒ ደግሞ በ2018 ሐውልት አስገኝተዋል። ፎቶሾፕና አፍተር ኢፌክትስ ሁለቱም በ2019 ተሸልመዋል፤ ያገኙት ግን የሳይንስና ምህንድስናውን ሰሌዳ ነው። የተሸለሙትም አዶቤ እንደ ኩባንያ ሳይሆን በስም የተጠሩ ሰዎች ናቸው፤ በፎቶሾፕ በኩል ወንድማማቾቹ ቶማስና ጆን ኖል፣ ከእነሱም ጋር ማርክ ሃምበርግ።

አዲስ አበባ ውስጥ የፊልም ፖስተር የሠራ ሁሉ ከእነዚህ ተሸላሚዎች ጋር ሳይተዋወቅ ኖሯል ማለት ይቻላል።

ፎቶሾፕ በ1990 ወጥቶ በ2019 የሚሸለመው ለምንድን ነው? አልዘገየም?

ዘግይቷል፤ ግን ሆን ተብሎ ነው። ዋናው ኦስካር ያለፈውን ዓመት ብቻ ያያል። እዚህ ግን የተፈጠረበት ዓመት ከቁጥር አይገባም፤ የሚጠየቀው መሣሪያው ፊልም ሠሪዎች እጅ ገብቶ በተግባር መፈተኑና ለውጥ ማምጣቱ ነው። በኤግዚቢሽን ላይ ያብረቀረቀ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ሲገባ ግን የተሰበረ ፈጠራ ብዙ ነው። ኮሚቴው ቸኩሎ ከመሸለም ዘግይቶ መሸለምን ይመርጣል፤ እኔም በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ።

ይሁን እንጂ መዘግየቱ አንዳንዴ ድንበር ያልፋል። የጀርመኑ አሪ ኩባንያ አሪፍሌክስ 35ን ያወጣው በ1937 ነው። በሚሽከረከር መስታወት አማካይነት ቀራጩ ፊልሙ የሚያየውን ራሱን በሌንሱ በኩል እንዲያይ ያስቻለች፣ በእጅ የምትያዝ ካሜራ ናት። ለዚህች ካሜራ ኦገስት አርኖልድና ኤሪክ ኬስትነር ሐውልቱን የተሸለሙት ግን በ1982 ሽልማት ነው። ከሃሳቡ እስከ ሐውልቱ አርባ አምስት ዓመት።

ስቴዲካም ለምን ይህን ያህል ይወራለታል?

ምክንያቱም ከዚያ በፊት የሚንቀሳቀስ ካሜራ ከሁለት አንዱን ይመርጥ ነበር። ወይ ሐዲድ ይነጠፋል፣ ካሜራው ዶሊ በሚባል ጋሪ ላይ ተጭኖ ይገፋል፤ ምስሉ ለስላሳ ነው፣ ግን ደረጃ አይወጣም፣ በጠባብ በር አያልፍም፣ ሐዲዱን ማንጠፍም ሰዓት ይበላል። ወይ ቀራጩ ትከሻው ላይ ያወጣዋል፤ የትም ይገባል፣ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ምስሉ ላይ ይቆጠራል።

የፊላደልፊያው ጋሬት ብራውን በ1970ዎቹ በፈጠረው ስቴዲካም ካሜራውን ከሰውየው ገላ ነጠለው። ቀራጩ ጥብቅ ሰደርያ ይለብሳል። ከሰደርያው ባለ ሞላ ክንድ ይወጣል፤ በክንዱ ጫፍ ጊምባል፣ ማለትም በየአቅጣጫው በነፃ የሚዞር መገጣጠሚያ አለ፤ ጊምባሉ የሚይዘው ዘንግ ላይ ካሜራው ከላይ፣ ባትሪውና ሞኒተሩ ከታች ይሆናሉ። ታች ያለው ክብደት የላይኛውን ስለሚያመዛዝን የዕቃው የክብደት ማዕከል ከካሜራው ሆድ ወጥቶ እጅ ወደሚይዘው ቦታ ይወርዳል። ክብደቱ በዘንጉ ሁለት ጫፍ መራራቁ ደግሞ ዕቃው በቀላሉ እንዳይዞር ያደርገዋል። እርምጃው ሲነቀንቅ ሞላው ይውጠዋል፤ እጅ ሲንቀጠቀጥ ዘንጉ አይሰማውም። ብዙ የማይነገርለት ሌላ ነገር አለ፦ ቀራጩ ዓይኑን ካሜራው ላይ ለጥፎ አይሄድም፤ ሞኒተሩን እያየ፣ እግሩ የሚረግጥበትንም እያየ ይሄዳል። ይህ ባይሆን ደረጃ ላይ መሮጥ አይታሰብም ነበር።

ብራውን ፈጠራውን ለማሳየት ከቀረጻቸው ናሙናዎች በአንዱ ጓደኛው በፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ደረጃ ላይ ስትሮጥ ትታያለች። ናሙናውን ያየው ዳይሬክተር ጆን አቪልድሰን ደረጃውንም ሩጫውንም «ሮኪ» ውስጥ አስገባቸው፤ ከዚያ በኋላ ያንን ደረጃ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ስቴዲካም ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለበት ፊልም ግን በዚያው በ1976 የወጣው «ባውንድ ፎር ግሎሪ» ነው። ሽልማቱ ብዙም አልዘገየም፤ በ1978 ብራውንና የሲኒማ ፕሮዳክትስ ኩባንያ መሐንዲሶች ከፍተኛውን ደረጃ አገኙ። ብራውን እዚያ አልቆመም፤ በስታዲየም ላይ በገመድ ተንጠልጥላ ለምትንሸራተተው ስካይካም በ2006 እንደገና ተሸልሟል።

ዛሬ ሰርግ ቀራጮች የሚይዙት ኤሌክትሮኒክ ጊምባል የዚሁ ዘር ነው ቢባልም አሠራሩ ሌላ ነው። እሱ ንቅናቄውን በሴንሰር እየለካ በሞተር ያርማል፤ የብራውን ዕቃ ሞተር አልነበረውም፣ ሚዛንና ሞላ ብቻ።

ግሪን ስክሪንስ? እሱም ተሸልሟል?

በደንብ። ስሙ መነሳት ያለበት ሰው ፔትሮ ቭላሆስ ነው። ተዋናይን ከኋላው ነጥሎ ሌላ ምስል ላይ ማስቀመጥ ድሮም የተሞከረ ነገር ነበር፤ ችግሩ ጠርዙ ላይ ነው። ፀጉር፣ ጭስ፣ ሻሽ፣ የመስታወት ብርጭቆ፤ ግማሽ የሚያሳዩ ነገሮች ሁሉ በመቀስ የተቆረጡ ይመስላሉ።

ቭላሆስ፣ ከአብ አይወርክስና ከዋድስወርዝ ፖል ጋር በ1964 ሽልማት ከፍተኛውን ደረጃ ያገኘበት ዘዴ፣ በዚያው ዓመት የወጣው «ሜሪ ፖፒንስ» የተሠራበት ነው። ከተዋናዮቹ ጀርባ ያለው ነጭ መጋረጃ በሶዲየም መብራት ይበራል። ሶዲየም የሚያወጣው ቢጫ እጅግ ጠባብ፣ አንድ ዓይነት የሞገድ ርዝመት ብቻ ያለው ነው። ካሜራው ውስጥ ያለ ፕሪዝም ብርሃኑን ለሁለት ይከፍለዋል፦ አንደኛው ፊልም ያንን ቢጫ ሳያይ ተዋናዩን በቀለሙ ይቀርጻል፤ ሁለተኛው ያንን ቢጫ ብቻ ያያል፤ ስለዚህ የተዋናዩ ትክክለኛ ጥላ ቅርጽ ይገኛል። በሻሹ ውስጥ የሚያልፈው ቢጫ በመጠኑ ስለሚለካ ሻሹ ሻሽ ሆኖ ይቀራል። የሚያስገርመው፣ ዛሬም ብዙ ባለሙያዎች የዚያን ዘመን ጠርዝ ከዘመናዊ ግሪን ስክሪን የጠራ ነው ይላሉ። ዘዴው የተተወው ጥራት አንሶት አይደለም፤ ፕሪዝሙና ልዩ ካሜራው ለሁሉም ሰው የሚዳረሱ ስላልነበሩ ነው።

ቭላሆስ በኋላ ከልጁ ከፖል ጋር ሆኖ ሥራውን በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራውን አልቲማትን አወጣ፤ አባትና ልጅ በ1995 አብረው ሐውልቱን ተቀበሉ።

መጀመሪያ ሰማያዊ የነበረው መጋረጃ ወደ አረንጓዴ ለምን ሄደ? አብዛኞቹ ዲጂታል ካሜራዎች ሴንሰራቸው ላይ ከአራት ነጥቦች ሁለቱ አረንጓዴን ስለሚያነቡ ነው፤ በአረንጓዴ በኩል ምስሉ የጠራ ይሆናል፣ መብራትም ይቆጥባል። ችግሩ ለእኛ ሰው ግልጽ ነው፦ አረንጓዴ ጥለት ያለው የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ግሪን ስክሪን ፊት የቆመች አቅራቢ ጥለቱ ቀዳዳ ይሆናል፤ ከኋላዋ ያለው ተራራ በቀሚሷ በኩል ብቅ ይላል።

ዶልቢ የሰው ስም ነው እንዴ?

ሰው ነው። ሬይ ዶልቢ ኩባንያውን በ1965 ለንደን ውስጥ መሠረተ። የካሴት ቴፕ ዘመን የደረሰ ሰው፣ ሁለት «ዲ» ያሉበትን ምልክት ቴፑ ላይ ያስታውሰዋል። ሥራው ቀላል ሃሳብ ነው፦ ዝቅ ያለውን ድምፅ ሲቀዱ ከፍ ማድረግ፣ ሲያጫውቱ በዚያው ልክ መመለስ። ሲመለስ ቴፑ የጨመረው ሽሽታ አብሮ ዝቅ ይላል።

ሲኒማ ውስጥ ደግሞ ፊልሙ ጠርዝ ላይ ባለ ሁለት የድምፅ መስመር ውስጥ አራት ቻናል አስገባ፤ የግራ፣ የመሐል፣ የቀኝና የኋላ። «ስታር ዋርስ» በ1977 ሲወጣ አዳራሾች መሣሪያውን ለመግዛት ምክንያት አገኙ። ዶልቢና ባልደረቦቹ በ1979 ተሸለሙ፤ በ1989 ደግሞ ሬይ ዶልቢና ኢዮአን አለን ሐውልቱን ወሰዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዋናው ኦስካር የሚካሄድበት የሆሊውድ አዳራሽ ከ2001 ጀምሮ ኮዳክ ቲያትር ይባል ነበር፤ ከ2012 ወዲህ ዶልቢ ቲያትር ነው። ሁለቱም ስሞች በሳይንስና ቴክኒክ ሽልማት ዝርዝር ውስጥ ደጋግመው የሚገኙ ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች በዋናው ምሽት የሚሰጠው ጊዜ ግን አጭር ቪዲዮና ጭብጨባ ነው። ማስታወቂያ ገዝቶ ስም መስቀልና መድረክ ላይ ተጠርቶ መቆም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው እዚህ ይታያል።

ለሒሳብ ቀመርም ይሰጣል?

ይሰጣል፤ ለእኔ የሽልማቱ ምርጥ ክፍል ይሄ ነው።

ኬን ፐርሊን በ1982 በወጣው «ትሮን» ላይ የሠራ የኮምፒዩተር ሰው ነው። ያኔ የኮምፒዩተር ምስል ሁሉ ልሙጥ፣ ፕላስቲክ የሚመስል ነበር። ፐርሊን ይህ አናዶት ቁጥጥር ያለው የዘፈቀደነት ቀመር ጻፈ። እንደ ጣቢያ የሌለው ቴሌቪዥን የሚንጫጫ አይደለም፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ በለሆሳስ የሚለወጥ ነው። በትልቅ መጠን አንዴ፣ በአነስተኛ መጠን ደግሞ ደራርበው ሲያደርጉት ደመና ይሆናል፣ እብነ በረድ ይሆናል፣ እሳት፣ የዛገ ብረት፣ ተራራ። በስሙ ይጠራል፤ ዛሬ በሦስት አቅጣጫ ምስል የሚሠራ ሶፍትዌር ሁሉ ውስጥ አለ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1997 የቴክኒክ ስኬት ሽልማት አገኘ፤ የምስክር ወረቀት ማለት ነው። እኔ ብሆን ሐውልቱን እሰጠው ነበር።

በ2004 ሄንሪክ ቫን ጄንሰን፣ ስቲቨን ማርሽነርና ፓት ሃንራሃን የተሸለሙት ብርሃን በቆዳ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ በማስላታቸው ነው። ፀሐይን ከጀርባው ያደረገ ሰው ጆሮ ቀይ ሆኖ ሲበራ አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ ብርሃኑ ገብቶ፣ ውስጥ ተበታትኖ፣ በሌላ ቦታ ይወጣል። ይህ ስሌት ከመምጣቱ በፊት የኮምፒዩተር ፊቶች የታጠበ ሸክላ ይመስሉ የነበሩት ብርሃኑ ላያቸው ላይ ብቻ ስለሚነጥር ነው።

ሃንራሃንን ልብ በሉት። ሬንደርማን የተባለው የፒክሳር ምስል መፍጠሪያ ሶፍትዌር ሠሪዎች በ1993 ሲሸለሙ ከመካከላቸው ነበር፤ ከእነሱ መካከል ኤድ ካትመል፣ ሎረን ካርፔንተርና ሮብ ኩክ በ2001 ሐውልቱን ለራሳቸው ወሰዱ። ካትመልና ሃንራሃን ደግሞ የ2019 የቱሪንግ ሽልማትን፣ በኮምፒዩተር ሳይንስ ከፍተኛ የሚባለውን፣ ተካፍለዋል። ሲኒማ የሳይንስ ተጠቃሚ ብቻ ሳይሆን ሳይንስ የሚወለድበትም ቤት እንደሆነ ለሚጠራጠር፣ የእነዚህን የሁለቱን ስም መጥቀስ ይበቃል።

ከተሸለሙት ውስጥ የሰው ሕይወት ያዳነ አለ?

አለ፤ የ1949 ሽልማት። እስከዚያ ድረስ የሲኒማ ፊልም የሚሠራበት ናይትሬት ከፈንጂ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ለመቃጠል የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ራሱ ውስጡ ስለያዘ አንዴ ከተቀጣጠለ ውሃ አያጠፋውም፤ ውሃ ውስጥም ይነዳል። ይህ ነገር ደግሞ በየማታው በሚያቃጥል የፕሮጀክተር መብራት ፊት ያልፍ ነበር። ለዚህ ነው የድሮ ሲኒማ ቤቶች የፕሮጀክተር ክፍል ግድግዳው እሳት እንዲከላከል ሆኖ የሚሠራው። ኢስትማን ኮዳክ በቀላሉ የማይቀጣጠል የተሻሻለ ፊልም አወጣና ከፍተኛውን ደረጃ ተሸለመ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ናይትሬት ከምርት ወጣ። ከ1950ዎቹ በፊት የነበሩ ብዙ ፊልሞች የጠፉት አንድም በእሳት፣ አንድም በራሱ በናይትሬት መበስበስ ነው።

አንድ ሽልማት ለስንት ሰው ሊሰጥ ይችላል?

አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ፣ ለሁለት፣ ለጥቂቶች። በ2014 ግን አካዳሚው የፊልም ላቦራቶሪዎችን ለገነቡና ላንቀሳቀሱ ሁሉ አንድ ሐውልት ሰጠ፤ ከመቶ ዓመት በላይ በጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ሲያጥቡና ሲያባዙ ለኖሩት፣ ስማቸው ያልተጻፈ ሠራተኞች። ሐውልቱን የተቀበለው ፊልም ላይ መቅረጽን አጥብቆ የሚሟገተው ዳይሬክተር ክሪስቶፈር ኖላን ነው። ፉጂ የሲኒማ ፊልም ማምረቱን ካቆመ አንድ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር፤ ላቦራቶሪዎቹም በየተራ ይዘጉ ነበር። ሽልማት ነው ስንብት? ሁለቱም ይመስለኛል።

አሸናፊው እንዴት ይመረጣል?

እንደ ዋናው ኦስካር አባላት ሁሉ ድምፅ አይሰጡም፤ የእጩ ዝርዝርም አይነበብም። ፈላጊው ያመለክታል፤ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ማን ምን እንደሠራ፣ የት እንደዋለ ያስረዳል። ከዚያ አካዳሚው የሚመረመሩትን ሥራዎች ዝርዝር ለሕዝብ ያወጣል፤ ዓላማው ተመሳሳይ ነገር ያለው ወይም «ቀድሜ የሠራሁት እኔ ነኝ» የሚል ሰው እንዲቀርብ ነው። መሐንዲሶች፣ ሲኒማቶግራፈሮች፣ የድምፅና የኢፌክት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ መሣሪያው ሲሠራ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ያነጻጽራል፣ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። ተሸላሚዎቹ ቀድመው ስለሚያውቁ በግብዣው ምሽት የሚከፈት ፖስታ የለም።

በጣም አስቸጋሪው ክፍል የስም ዝርዝሩ ነው። አንድ ሶፍትዌር ላይ ሃምሳ ሰው ሊሠራ ይችላል፤ ሃሳቡን ያመጡት ግን ሦስት ናቸው። እነማን? ብዙ ቁርሾ የሚፈጠረው እዚህ ነው።

ገንዘብ አለው?

የለውም። ሐውልቱንም ቢሆን ገበያ አውጥቶ መሸጥ አይቻልም፤ ተቀባዩ ለመሸጥ ከፈለገ አስቀድሞ ለአካዳሚው በ1 ዶላር እንዲያቀርብ ይፈርማል።

አሜሪካዊ ያልሆነ ሰው ማሸነፍ ይችላል?

ይችላል፤ እንዲያውም ከዋናው ኦስካር ይልቅ እዚህ የውጭ ሰው ይበዛል ብል አልተሳሳትኩም። ናግራ የተባለውን ተንቀሳቃሽ የድምፅ መቅጃ የፈጠረው ስቴፋን ኩደልስኪ ፖላንድ ተወልዶ ስዊዘርላንድ የሠራ ነው። የሲኒማስኮፕን ሰፊ ምስል ያስቻለው የሌንስ ሃሳብ የፈረንሳዊው አንሪ ክሬትየን ነው፤ በ1953 ሽልማት ከፎክስ ባለሙያዎች ጋር ተሸለመ። አሪ የሙኒክ ነው። በ2013 ሐውልቱን የወሰደው የሌንስ አምራች ኩክ ኦፕቲክስ የእንግሊዟ ሌስተር ነው። የሚጠየቀው ዜግነት ሳይሆን መሣሪያው በፊልም ሥራ ውስጥ ያለው ቦታ ነው።

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ከአካዳሚው የተሸለመው ይሄ ነው?

አይደለም። ኃይሌ ገሪማ በ2021 የተቀበለው በዚያው ዓመት ሎስ አንጀለስ ላይ የተከፈተው የአካዳሚው ሙዚየም የሚሰጠውን የቫንቴጅ ሽልማት ነው። እሱ በሲኒማ ላይ የተለመደውን ዕይታ ለሞገተ አርቲስት የሚሰጥ እንጂ ከመሣሪያ ጋር የሚያያዝ አይደለም።

ግብዣው የት ይካሄዳል? ማየትስ ይቻላል?

ለብዙ ዓመታት በቤቨርሊ ሂልስ ሆቴሎች ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ወደ አካዳሚው ሙዚየም ሄዷል። ብዙውን ጊዜ ከዋናው ምሽት ቀደም ብሎ የካቲት ገደማ ነው። የ2025ቱ ግን በሎስ አንጀለስ የእሳት ቃጠሎ ምክንያት ወደ ሚያዝያ 29 ተሸጋግሯል፤ ዋናው ኦስካር ካለፈ በኋላ ማለት ነው። በቀጥታ አይተላለፍም፤ ንግግሮቹ ግን በኦስካር የዩቲዩብ ገጽ ላይ ይገኛሉ። ከተዋንያን ንግግር ያጥራሉ፣ ብዙ ጊዜም ይበልጣሉ።

ተመሳሳይ ሌሎች ሽልማቶች አሉ?

አሉ። ለቴሌቪዥን የምህንድስና ኤሚ አለ። በ1916 የተመሠረተው የሲኒማና ቴሌቪዥን መሐንዲሶች ማኅበርም ሜዳልያዎች አሉት፤ እሱ ከአካዳሚው በዕድሜ ይበልጣል፤ በሙያው ሰዎች ዘንድ ያለው ክብርም ቀላል አይደለም። የአደባባይ ስም ግን የለውም።

አንድ ሰው ወይም ድርጅት «ተሸልሜያለሁ» ቢል እንዴት ላረጋግጥ?

አካዳሚው በድረ ገጹ ላይ ለሁሉም ክፍት የሆነ የሽልማት መዝገብ አለው። የሰውየውን ወይም የመሣሪያውን ስም ስታስገቡ ዓመቱን፣ ደረጃውንና ሽልማቱ የተሰጠበትን ምክንያት የሚገልጸውን አጭር ጽሑፍ ያወጣል። ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ ደረጃው፦ ሐውልት፣ ሰሌዳ ወይስ ወረቀት። ሁለተኛ የተጠሩት ስሞች፦ ኩባንያው ነው ወይስ ከኩባንያው የለቀቁ ሦስት ሰዎች። ዓመቱ ላይም ተጠንቀቁ፤ መዝገቡ የሚጽፈው ሽልማቱ የቆመለትን ዓመት ሲሆን፣ ግብዣው የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ በቀጣዩ ዓመት ነው። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ 1994፣ ሌላው 1995 ቢል ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።